ስለ ግቢ ሣር አተካከልና ስለ ማጨጃ መኪና አመራረጥ

በየወረዳው የመሥሪያ ቤት ግቢ፤ የትምህርት ቤትና የሐኪም ቤት ደጅ፤ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ሆኖ ይታያል። አፈሩም በጎርፍ እየታጠበ የሕንፃው መሠረት ይገለጣል። ይህን ለማገድ ከሣር የሚረክስ የመሬት ልብስ አይገኝም። ስለዚህ አስተዳዳሪዎችና ሰፊ ግቢ ያላቸው ሰዎች የሣር መስክ ለመሥራት ቢነሡ የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን ሥራው በችኮላ የተያዘ እንደ ሆነ፤ አሠሪው ቀላል መስሎ የሚታየውን መንገድ ይይዛል። ይኸውም ከመንደሩ የጋራ ግጦሽ ላይ ሣሩን ከነአፈሩ አስነሥቶ፤ አስጭኖ በግቢው ማንጠፍ ነው። ይህን መንገድ መተው እንደሚገባና ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

1ኛ፤ ስለ ግጦሽ መሬት ጉዳት።

ከነአፈሩ የሚነሣ ሣር 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ቢኖረው፤ 500 ካሬ ሜትር ለሆነ ግቢ 15 ሜትር ኩብ አፈር ከግጦሹ ላይ ይወሰዳል ማለት ነው። ይህም አፈር ከሁሉ በላይ ያለው፤ ፍግና የበሰበሰ ሥር የተቀላቀለበት ለሙ አፈር ነው። የተላጠው ስፍራ ዝናም ሲመታው ይቦረቦራል፤ ሣሩም ቶሎ አይመለስም። ግቢው አንድ ጊዜ ቢያምር፤ የገበሬው በሬ በሚመጡት ዓመታት ይከሳል። ይህ ከሰው ደጃፍ ሞፈር እንደ መቁረጥ የሚቆጠር ነው እንጂ ልማት አይባልም።

የሣሩን ሐረግ ቈራርጦ መትከል ግን፤ ከ1 ካሬ ሜትር ጥቅጥቅ ያለ ሣር ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር ሊያለብስ ይችላል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው። ገበሬው ሰርዶን ከእርሻው ውስጥ እንደ ጠላት እየነቀለ በዳር ይከምረዋል። ይህ ሳይደርቅ ቢሰበሰብ ለግቢው መልካም ተክል ይሆናል። ለለቃሚው ዋጋ ቢከፈለው፤ ገበሬው እርሻው ከመጽዳቱ ሌላ ገንዘብ ያገኛል።

2ኛ፤ ስለ ሣሩ ዓይነት።

ለቆላና ለወይና ደጋ፤ ፀሐይም ለበዛበት ስፍራ ሰርዶ ይመረጣል። ሰርዶ በአፈር ላይም በአፈር ውስጥም እየተሳበ ይስፋፋል፤ ድርቅና የእግር ርግጫን ይችላል። ለደጋና ርጥበት ላለው ስፍራ የኪኩዩ ሣር ይስማማል። ይህ ሣር ስሙን በኬንያ ካለው የኪኩዩ ሕዝብ ያገኘ ሲሆን፤ የተፈጥሮ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ መሬት ነው። ሁለቱም ከጥቅጥቅ ዛፍ ጥላ ሥር ደኅና ሆነው አይበቅሉም፤ በዚያ ስፍራ ጠጠር ማልበስ ይሻላል።

ሁለቱም ድንበር አያውቁም። ስለዚህ በመስኩና በአትክልቱ ወይም በጎረቤት እርሻ መካከል፤ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቆፍሮ፤ እየተሳበ የሚሻገረውን ሐረግ በየጊዜው መቁረጥ የባለግቢው ግዴታ ነው።

3ኛ፤ ስለ መሬቱ አዘገጃጀትና ስለ ተከላው።

ሥራው የሚጀመረው ዝናም ከመግባቱ በፊት ነው። መሬቱ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቈፈራል፤ ድንጋይ፤ ብርጭቆና የአረም ሥር ይለቀማል። ለ1 ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ በሚገባ የተብላላ ፍግ ይቀላቀልበታል። ከዚያም ውሃ ወደ ግድግዳ እንዳይመለስ፤ በየ1 ሜትሩ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከቤቱ ወደ ውጭ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይደለደላል። በችኮላ የተደለደለ መሬት በኋላ ይሰረጉዳል፤ ማጨጃውም በጉብታው ላይ ሣሩን ይልጠዋል።

ክረምት በሰኔ በሚገባበት አገር፤ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ ሐረጉ ይተከላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ቢያንስ 3 አንጓ ይኑረው። በሲባጎ በተቀና መሥመር፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተተክሎ፤ ሁለት እጁ በአፈር ይሸፈናል፤ አንድ እጁ ከላይ ይቀራል። አፈሩም ከሥሩ ጋር እንዲጣበቅ በእግር ይረገጣል። ዝናም ቢያቋርጥ እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ ይጠጣ።

ዝናም የሚጠርገው ተዳፋትና የቦይ ዳር ሲያጋጥም ግን፤ ከነአፈሩ የተነሣ ሣር ለዚያ ብቻ ያስፈልጋል። ይህም ከዚያው ግቢ ዳርቻ ወይም መንገድና ሕንፃ ሊሠራበት ከተወሰነ ቦታ ይወሰድ። በተነሣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያውም እንደ ጡብ ግንብ ይዘዋወር። በተዳፋት ላይ በእንጨት ችካል ተቸክሎ ወዲያው ውሃ ይጠጣ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ካለፈ በኋላ በእጅ ሲሳብ የማይነሣ ከሆነ ሥር ሰድዷል ማለት ነው።

4ኛ፤ ስለ ውሃ።

በበጋ ሣርን ለምለም አድርጎ ለማቆየት፤ በሳምንት እስከ 25 ሚሊ ሜትር ውሃ ያሻል። ይህ ለ1 ካሬ ሜትር 25 ሊትር፤ ለ500 ካሬ ሜትርም 12,500 ሊትር ይሆናል፤ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ቢቈጠር 625 ነው። ሴቶችና ልጆች ከሩቅ ምንጭ በሚቀዱበት ወረዳ ይህን ማድረግ አይገባም። ሥር የሰደደ ሰርዶ በበጋ ቢገረጣ ሞተ ማለት አይደለም፤ ዝናም ሲመለስ ያቈጠቍጣል። ውሃ በሚትረፈረፍበት ስፍራም ቢሆን፤ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ እንዲገባ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳልና።

5ኛ፤ ስለ አጨዳና ስለ መኪናው።

በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሦስት አንድ እጅ በላይ አይቈረጥም። በ4 ሳንቲ ሜትር የሚጠበቅ መስክ 6 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይታጨዳል። ከዚህ በላይ የተቈረጠ ሣር ሥሩ ይደክማል፤ አረምም ባዶውን ስፍራ ይይዘዋል።

የሣር ማጨጃ መኪና የተፈለሰፈው በእንግሊዝ አገር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830 ዓ.ም ነው። ኤድዊን ባዲንግ የተባለ ሰው፤ በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የጨርቁን ጭጋር የሚሸልተውን መሣሪያ ተመልክቶ፤ ያንኑ ለሣር አደረገው። ዛሬም በእጅ የሚገፋው መኪና በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ የሚሽከረከሩት ስለቶች ከታች ካለው ቋሚ ስለት ጋር እየተገናኙ ሣሩን እንደ መቀስ ይቈርጡታል። ቤንዚን አይፈልግም፤ አቈራረጡም ንጹሕ ነው። ነገር ግን ድንጋይ የሌለበት ደልዳላ መሬትና ተደጋጋሚ አጨዳ ይሻል፤ የረዘመውን ሣር ያጐነብሰዋል እንጂ አይቈርጠውም።

ሁለተኛው ዓይነት ባለሞተር ነው፤ አንድ ስለት በአግድም በኃይል እየዞረ ሣሩን ይመታዋል። ረጅምና ሸካራ ሣርን ይችላል፤ ስለቱ ከደነዘ ግን የሣሩን ጫፍ ስለሚቀድደው መስኩ ይገረጣል። ድንጋይም ሊወረውር ስለሚችል አስቀድሞ ስፍራው ይለቀም፤ ልጆችም ይራቁ። ስለቱን የሚነካ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ የካንዴላውን ሽቦ ሳይነቅል እጁን አያስገባ።

ባለሞተሩን የሚገዛ ሰው የአገሩን ከፍታ ያስብ። አየር በከፍታ ስለሚሳሳ፤ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጐድላል። ስለዚህ በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ኃይል እንዳለ አምኖ ለደጋ የሚገዛ ሰው ይታለላል።

ለ500 ካሬ ሜትር ደልዳላ ግቢ፤ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእጅ መኪና ይበቃል፤ አጫጁ 1,250 ሜትር ያህል ቢሄድ ይጨርሰዋል። ከዚህ ለሚሰፋ ወይም ለሸካራ መስክ ባለሞተሩ ይገዛ፤ ይኸውም መለዋወጫውና ጠጋኙ በቅርብ የሚገኝ ከሆነ ነው። ይህ ካልሆነ ስለቱ በሞረድ የተሳለ ማጭድ፤ ተሰብሮ በመጋዘን ከሚቀመጥ መኪና ይበልጣል።

አጭሩ ቁራጭ በመስኩ ላይ ቢቀር ፍግ ይሆናል። መድኃኒት ያልተረጨበት ረጅም ሣር ግን ሳይሞቅና ሳይሻግት በዕለቱ ለከብት ይሰጥ። በዚህ አኳኋን የተያዘ ግቢ ከግጦሹ ሳይወስድ፤ በበኩሉ ለከብቱ መኖ ይጨምራል።