ማሽኑ ሲግል ጨዋታው ያልቃል
‹‹ሜክዋሪየር 2›› ከ30 ዓመታት በኋላ፣ ከመካነ ሰላም ደጋ ሲታይ

ኔትወርክ ከሌለ የዘመኑ ጌም ምን ይረባል? ስልኩ ላይ የተጫነው እግር ኳስ ‹‹ኢንተርኔት የለም›› ይልና ተጫዋቹን ከስታዲየሙ በር ይመልሰዋል። ይህን ነገር ለአማራ ክልል ወጣት ማስረዳት አያስፈልግም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ጌም ወዳዱ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ወደ ጆተኒና ፑል ቤት መሄድ፣ ወይ ደግሞ ኢንተርኔት የማይጠይቅ የድሮ ጌም መፈለግ።

ከደሴ በስተምዕራብ፣ መንገዱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መካነ ሰላም ትገኛለች። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ያለው እዚህች ከተማ ውስጥ ነው። ተማሪ ባለበት ላፕቶፕ አለ፣ ላፕቶፕ ባለበት ደግሞ ጌም አይጠፋም። የድሮ ጌም ከተነሳ፣ ለእንዲህ ያለ ቦታ ልክ የሚሆነው ‹‹ሜክዋሪየር 2›› ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ አዲስ ማሽን አይፈልግም፣ ዋናውን ዲስክ ላገኘ ሰው ዶስቦክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዛሬው ላፕቶፕ ላይ ያስነሳዋል።

ጌሙ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1995 ክረምት ነው። ለኳስ አፍቃሪ ዓመቱን ማስታወስ ቀላል ነው፤ የ18 ዓመቱ ፓትሪክ ክላይቨርት ቪየና ላይ ሚላን መረብ ላይ ኳስ አስቀምጦ አያክስን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገበት ዓመት። የጌሙ አሳታሚ የአሜሪካው አክቲቪዥን ሲሆን፣ ታሪኩ ግን ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ፋሳ የተባለ የቺካጎ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1984 ‹‹ባትልድሮይድስ›› የሚባል በጠረጴዛ ላይ በካርታና በዳይ የሚጫወቱት ጨዋታ አወጣ። ‹‹ድሮይድ›› የምትለው ቃል የስታር ዋርስ ባለቤቶች ንብረት ናት ስለተባለ በዓመቱ ስሙን ቀይሮ ‹‹ባትልቴክ›› አለው። የመጀመሪያው ‹‹ሜክዋሪየር›› በ1989 ወጣ፣ ዓለምን ያንበረከከው ግን ሁለተኛው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በ31ኛው ክፍለ ዘመን ይገኛል፤ የተቀመጠውም ‹‹ሜክ›› በሚባል በሁለት እግሩ የሚራመድ ግዙፍ ሮቦት ጋቢና ውስጥ ነው። ትንሹ 20 ቶን፣ ትልቁ 100 ቶን ይመዝናል። በጣም የታወቀው ‹‹ቲምበር ዎልፍ›› 75 ቶን ሲሆን ይህ ጭነት የሞላ ሲኖትራክን ያስከነዳል። መድፍ፣ ሌዘር፣ ሚሳይል ሁሉም አለው። እዚህ ጋ ማንም ሰው ‹‹በቃ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እተኩሳለሁ!›› ይላል። የሚሸነፈውም ያኔ ነው።

ምክንያቱም ማሽኑ ይግላል። እያንዳንዱ ተኩስ ሙቀት ይጨምራል፣ መለኪያው ቀዩን ሲነካ ሞተሩ ራሱን ያጠፋል። ሰባ አምስት ቶን ብረት ሜዳ መሃል እንደ ሐውልት ይገተራል፣ ጠላት ደግሞ ዞሮ ከኋላ ይመጣል። ሞተሩ እንዳይጠፋ አስገድዶ መቀጠል ይቻላል፣ ይሁንና ከበዛ ማሽኑ ይፈነዳል። ከቆላ ወደ ደጋ ሜዳ ወጥቶ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ፕሬስ ሲያደርግ ሳንባውን የጨረሰ ቡድን ምን እንደሚገጥመው ያየ ሰው ይህን ሕግ ሳያስተምሩት ይገባዋል። በ70ኛው ደቂቃ ኳሷ እግሩ ስር ብታልፍም አይደርስባትም።

ሁለተኛው ብልሃት ከፍልሚያው በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ማሽኑ የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ነው። መድፍ ከተጨመረ ማቀዝቀዣ ይቀነሳል፣ የብረት ልባሱ ከወፈረ ጥይቱ ያንሳል። አራት አጥቂ ያሰለፈ አሰልጣኝ አማካዩን ባዶ እንደሚተወው ማለት ነው። ግማሹ ጨዋታ የሚያልቀው መልበሻ ቤት ውስጥ ነው።

ጌሙን ከሌሎቹ የሚለየው ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ተዋጊዎቹ በእንስሳት ስም በተሰየሙ ጎሳዎች የተከፈሉ ሲሆን ተጫዋቹ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ተኩላ ወይም ጭልፊት። ለመካነ ሰላም ልጅ ምርጫው የሚከብድ አይመስልም። በከተማዋ አካባቢ ባለው የቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ፈረንጅ ‹‹የኢትዮጵያ ተኩላ›› የሚለው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። እነዚህ ጎሳዎች ታዲያ ውጊያ ከመግጠማቸው በፊት ይጫረታሉ። ጨረታው የተገላቢጦሽ ነው። ‹‹በአሥር ማሽን እይዘዋለሁ›› ሲል አንዱ፣ ሌላው ‹‹እኔ በስድስት›› ይላል። ዕድሉ የሚሰጠው በትንሹ ኃይል ለመዋጋት ለደፈረው አዛዥ ነው። ቦታው፣ ቁጥሩ፣ የሚዋጉበት ጉዳይ ሁሉም አስቀድሞ ይታወቃል። ጌሙን በኔትወርክ የሚጫወቱት ሰዎችም ተቃራኒን እግሩን እየመቱ መጣል ነውር ነው አይደለም እያሉ ተከራክረዋል። ከኋላ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚት የሚመታ ተከላካይ ላይ ቀይ ካርድ ይመዘዝ አይመዘዝ እንደማለት ነው።

ይህ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። በደጋው ፈረሰኞች ለሁለት ተከፍለው ጉግስ ሲጫወቱ አንዱ ያሳድዳል፣ አንዱ ይሸሻል። አሳዳጁ የሚወረውረው ጦር ሳይሆን ዘንግ ነው፣ ሯጩም በጋሻው ይመክታል። ጨዋታው የጦር ልምምድ ነው፣ ግን ጦርነት አይደለም። ሲያልቅ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይገባሉ። ያው የወሎ ፈረሰኛ በጥቅምት 1909 ዓ.ም በንጉሥ ሚካኤል መሪነት ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ሲገጥም ግን ዳኛም ፊሽካም አልነበረም። ከሁለቱም ወገን ስንቱ ሳይመለስ ቀረ።

የ‹‹ሜክዋሪየር 2›› ታሪክም የሚያወራው ይህንኑ ነው። ተኩላና ጭልፊት በያዙት የተኩስ አቁም ስምምነት ላይ ተጣሉ፤ አንደኛው ይጠበቅ ሲል ሌላኛው ይፍረስ አለ። በሥርዓቱ መሠረት ክርክሩ በተወሰነ ፍልሚያ ማለቅ ነበረበት። ፍልሚያው ግን ከልኩ አለፈ፣ ጨረታው ተረሳ፣ ያለው ሁሉ ወደ ሜዳ ተጣለ። በባትልቴክ ታሪክ መጨረሻ ላይ አሸናፊ የተባለውም ተሸናፊ የተባለውም ደቅቀው ቀሩ። ልክ እንደ ማሽኑ ሁለቱም ግለው ጠፉ።

ይህን ታሪክ በወሎ ምድር ተቀምጦ መጫወት ሌላ ቦታ እንደመጫወት አይሆንም። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነስቷል። እውነተኛ መሣሪያ ሰምቶ ላደገ ልጅ የጦርነት ጌም ምን ያደርግለታል የሚል ወላጅ ቢኖር አይፈረድበትም። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ ግን ከጌም ጌም ይለያያል። ዝም ብሎ የሚያስገድል ጌም አለ፣ አለመተኮስን የሚያስተምርም አለ። ‹‹ሜክዋሪየር 2›› ላይ ጣቱን ከቃታው ማንሳት ያልቻለ ሰው ከሦስተኛው ግዳጅ አያልፍም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ተራራው ባለ ሦስት ማዕዘን ካርቶን ይመስላል፣ ማሽኖቹም ካልሲ ያላጠለቀ እግር የሚያህል ጌጥ የላቸውም። ለመንዳት የኪቦርዱን ግማሽ በቃል መያዝ ያስፈልጋል፣ የግዳጁ መመሪያ ደግሞ ረጅም እንግሊዝኛ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በአሥር ደቂቃ ይዘጋዋል። በሲዲው ላይ የተቀዳው ሙዚቃ ግን ዛሬም ሲሰሙት ፀጉር ያቆማል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተከታይ መጥቷል። ሦስተኛው በ1999፣ አራተኛው በ2000፣ አምስተኛው በ2019 ወጥተዋል። በ2024 ደግሞ ‹‹ክላንስ›› በሚል ወደ እነዚያው ጎሳዎች የተመለሰ አዲስ ሥራ ወጣ። ሥዕላቸው ሲኒማ ነው፣ ፍላጎታቸውም እንደዚያው፤ ውድ ኮምፒዩተር ይጠይቃሉ። የ1995ቱ አዛውንት የሚጠይቀው 8 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ብቻ ነበር።

ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። መካነ ሰላም ማታ ብርዱ ሲጠነክር ጋቢውን ደርቦ ላፕቶፑን የከፈተ ልጅ መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ያያል። ጠላት ፊቱ ቆሟል፣ መድፉ ተቀባብሏል። አንድ ተኩስ ቢጨምር ሊያሸንፍ ይችላል፣ ሊጠፋም ይችላል። ጎበዝ ተጫዋች ያኔ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይላል፣ ማሽኑ እስኪበርድም ይጠብቃል።