መስታወትና ሴራሚክ በአንድ ገጽ፦ የፋይበር ኦፕቲክ ኮኔክተር ጫፍ አለሳለስ

ጥንካሬያቸው የተለያየ ሁለት ቁሶች ተጣብቀው በአንድነት ሲሞረዱ እኩል አይበሉም። የቀንድ እጀታ ያለውን ቢላዋ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀንዱ ፈጥኖ ይጎደጉዳል፣ ብረቱ ጎልቶ ይቀራል፣ ጣትም ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። በቢላዋ ላይ ይህ በአመዛኙ የውበት ጉዳይ ነው። በፋይበር ኦፕቲክ ኮኔክተር ጫፍ ላይ ግን የማይክሮን አንድ አሥረኛ የሚሆን ልዩነት እንኳ ኮኔክተሩን ከሚፈለገው ደረጃ በታች ሊያደርገው ይችላል።

የኮኔክተሩ ዋና ክፍል ፈሩል የሚባል፣ ከዚርኮኒያ ሴራሚክ የተሠራ ትንሽ ዘንግ ነው። ውፍረቱ እንደ ኮኔክተሩ ዓይነት 2.5 ወይም 1.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መሐል ለመሐል በሚያልፈው ቀዳዳ 125 ማይክሮን ውፍረት ያለው የመስታወት ፋይበር ይገባል፤ በነጠላ ሞድ ፋይበር ብርሃኑ የሚጓዝበት እምብርት ከዚህ ውስጥ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያያይዘው ኢፖክሲ ሙጫ ነው። ስለዚህ በአንዲት ጠባብ ገጽ ላይ ሦስት ቁሶች ይገናኛሉ፦ እጅግ ጠንካራው ዚርኮኒያ፣ ከእርሱ የሚያንሰው መስታወት፣ ከሁለቱም በብዙ የሚለሰልሰው ሙጫ።

ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ 3.5 በመቶ ያህሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሁለት ኮኔክተሮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ በፋይበሮቹ መካከል ስስ አየር ከቀረ ይኸው ነጸብራቅ ይፈጠራል፤ የተመለሰው ብርሃንም ወደ ሌዘሩ ገብቶ ሥራውን ያውካል። በጥሩ ሁኔታ የተለሰለሰ ኮኔክተር ተመላሹን ብርሃን ቢያንስ በ50 ዴሲቤል እንዲቀንስ ይጠበቃል፤ ይህም ከገባው ብርሃን ከመቶ ሺህ አንድ እጅ በላይ እንዳይመለስ ማለት ነው። ይህ የሚገኘው መስታወት ከመስታወት ጋር ያለ ክፍተት ሲነካካ ብቻ ነው።

በ1927 ፕሬስተን ስለ መስታወት አለሳለስ ባቀረበው ቀመር መሠረት፣ ከገጹ የሚነሳው ቁስ መጠን ከግፊቱና ከፍጥነቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ የምጣኔው ቋሚ ቁጥር ግን ከቁስ ወደ ቁስ፣ ከማለስለሻ ወደ ማለስለሻ ይለያያል። የማለስለሻው መደብ ግትር ከሆነ ለስላሳው ቁስ ጥቂት እንደሰረገ ግፊቱ ወደ ጠንካራው ጎረቤቱ ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ይወርዳሉ። መደቡ ላስቲክ ከሆነ ግን ጎድጓዳውን ተከትሎ ስለሚገባ ልዩነቱ እያደገ ይሄዳል። አስቸጋሪው ነገር፣ የፈሩሉ ጫፍ በትንሹ ጉልላት መሰል እንዲሆን ስለሚፈለግ ላስቲኩን መተው አለመቻሉ ነው።

በተለመደው አሠራር መጀመሪያ የተረፈው ሙጫ ይነሳል፤ ከዚያም 9፣ 3 እና 1 ማይክሮን ቅንጣት ያላቸው የአልማዝ ፊልሞች በቅደም ተከተል ይሠራሉ። አልማዝ ዚርኮኒያንም መስታወትንም ስለሚቆርጥ ገጹ ብዙ አይበላለጥም። ነገር ግን በመስታወቱ ላይ የተጎዳ ስስ ንጣፍ ይተዋል፤ የዚህ ንጣፍ ብርሃን የመስበር ባሕርይ ከውስጡ መስታወት ስለሚለይ፣ ፋይበሮቹ ቢነካኩም ነጸብራቁ አይጠፋም። ንጣፉን የሚያነሳው እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ቅንጣት ያለው የመጨረሻው ፊልም ነው። ሲሊካ ከውሃ ጋር ሆኖ መስታወቱን ያነሳል፤ ዚርኮኒያውን ግን እምብዛም አይነካውም። መድኃኒቱም መርዙም እዚሁ ፊልም ላይ ነው።

እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። በቤተ ሙከራ በእጄ ካለሰለስኳቸው የመጀመሪያዎቹ ኮኔክተሮች አብዛኞቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጭረት የሌላቸው፣ የሚያስደስቱ ነበሩ። የኃይል መለኪያውም ብርሃኑ በሚገባ እንደሚያልፍ ያሳይ ነበር። የተመላሽ ብርሃን ልኬት ሲወሰድ ግን ወደቁ። ሲሊካው ላይ ብዙ በቆየሁ ቁጥር ገጹ የሚያምር መስሎኝ ጊዜውን አራዝሜ ስለነበር መስታወቱ ከሴራሚኩ በታች ሰርጓል። ይህን ጥልቀት ተራ ማይክሮስኮፕ አያሳይም፤ የሚያሳየው ኢንተርፌሮሜትር ነው። የኃይል መለኪያ ብቻ ይዞ የሚሠራ ባለሙያም ጉድለቱን ላያገኘው ይችላል፤ ክፍተቱ የሚያባክነው ኃይል ጥቂት ነውና።

ፈሩሉ ጉልላት እንዲሆን የሚፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጉልላቱ ራዲየስ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትሩ ዓይነት በኮኔክተሩ ውስጥ ያለው ሞላ በ10 ኒውተን አካባቢ ኃይል ሁለቱን ጉልላቶች ሲያጋጭ ዚርኮኒያው በጥቂቱ ይታመቃል፤ ጥቂት የሰረጉት ፋይበሮችም ይገናኛሉ። መታመቁ ሊያካክስ የሚችለው ጥልቀት ግን በአስር ናኖ ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ ጉልላቱ ጠፍጣፋ በሆነ መጠን ደግሞ ይህ ምሕረት ያንሳል። የጉልላቱ አናት ከፋይበሩ መሐል ከ50 ማይክሮን በላይ ሲርቅም ግፊቱ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል።

ጫፉ በ8 ዲግሪ ያዘነበለ ኮኔክተር ነጸብራቁን ከእምብርቱ ውጭ ስለሚጥለው ለሰረገ መስታወት ይበልጥ ቻይ ነው። ኢንተርፌሮሜትር በሌለበት ቦታ እርሱን መምረጥ አስተዋይነት ይመስለኛል፤ ካላዘነበለው ጋር ግን ፈጽሞ መጋጠም የለበትም። ያላዘነበለውን ማለስለስ ግድ ከሆነ የመጨረሻውን ፊልም ጊዜ በሰዓት መቁጠር፣ ያረጀ ፊልምንም በጊዜ መለወጥ ይገባል።

የሰረገ ፋይበር ያለው ኮኔክተር አይጣልም። ወደ 1 ማይክሮኑ የአልማዝ ፊልም ሲመለስ ዚርኮኒያው ወደ መስታወቱ ደረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ ሲሊካው ለአጭር ጊዜ ይደገማል። የወደቁትን ኮኔክተሮቼን በዚህ መንገድ ድጋሚ ሠርቼአቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ልኬት ጥቂቶቹ ብቻ ወደቁ፣ እነርሱም የጉልላታቸው አናት ከፋይበሩ መሐል የራቀ ነበር።