አይኤፍአይ16 በኒውክለስ ውስጥ፦ ኤችአይቪን የሚገታበት መንገድና የንዑስ ዓይነት ሲ ጥያቄ

ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ህዋስ ለጎረቤቶቹ የሚልከው የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ነው። አይዛክስና ሊንደንማን እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ካደረጉት ወዲህ፣ መልእክቱን የተቀበለ ህዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን እንደሚያነቃ ታውቋል። ከእነዚህ ጂኖች የሚመነጩ ብዙ ፕሮቲኖች የሚሠሩት በሳይቶፕላዝም ነው፤ አይኤፍአይ16 ግን በአመዛኙ በኒውክለስ ውስጥ ይገኛል።

ኒውክለስ የህዋሱ የራሱ ዲኤንኤ ማደሪያ ነው። ታዲያ ይህ ፕሮቲን የራሱን ከባዕዱ እንዴት ይለያል? የሙከራ ማስረጃዎች እንደሚያመለክቱት፣ አይኤፍአይ16 ሂን በተባሉት ክፍሎቹ ዲኤንኤን ይዞ በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ይፈትሻል። በኒውክሊዮሶም የተጠቀለለው የህዋሱ ዲኤንኤ ጉዞውን ያሰናክላል። ባልተጠቀለለ ረጅም የቫይረስ ዲኤንኤ ላይ ግን በርካታ ሞለኪውሎቹ ተገናኝተው ክር መሰል ስብስብ ይሠራሉ፤ ማስጠንቀቂያውም ከዚህ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሌላ ተግባር አሳይቷል። ኤችአይቪ በሰው ክሮሞሶም ውስጥ ከገባ በኋላ ጂኖቹ እንዲነበቡ ኤስፒ1 በተባለው የሰው ፕሮቲን ይጠቀማል። አይኤፍአይ16 ኤስፒ1ን ይዞ ሥራውን ሲገታ የቫይረሱ ጂኖች ንባብ ይዳከማል፤ በሲዲ4 ህዋሳት ውስጥ ያደፈጠው ቫይረስም ዳግም እንዳይነቃ ይታፈናል። ለዚህ የሚያስፈልጉት ፓይሪን የተባለው የፕሮቲኑ ክፍልና በኒውክለስ መገኘቱ ናቸው፤ ዲኤንኤ የሚይዙት የሂን ክፍሎች አያስፈልጉም። እንግዲህ ይህ ተግባር ከዲኤንኤ ፍተሻው የተለየ ነው።

ይኸው ጥናት የንዑስ ዓይነት ሲ ቫይረሶች ከሌሎቹ ይልቅ አይኤፍአይ16ን እንደሚቋቋሙና በኤስፒ1 ላይ ያላቸው ጥገኝነትም ዝቅተኛ እንደሆነ አመልክቷል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው ይህ ንዑስ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከአገራችን በተወሰደ ናሙና የተገኘውና ሙሉ ጂኖሙ በ1996 የታተመው ኢቲኤች2220 ከንዑስ ዓይነቱ ማነጻጸሪያዎች አንዱ ነው። በአንጻሩ በቤተ ሙከራ በብዛት የሚሠራበት ኤንኤል4-3 የንዑስ ዓይነት ቢ ቫይረስ ነው።

ስለዚህ ኤስፒ1ን በመግታት ያደፈጠውን ቫይረስ አፍኖ ለማቆየት የሚታሰብ ሕክምና በቢ ቫይረስ ላይ ቢሳካ እንኳ፣ ለአዲስ አበባ ሕሙማን ያው ውጤት ይጠበቃል ማለት አይቻልም። አስቀድሞ መደረግ ያለበት በአገራችን ከሚዘዋወሩ ቫይረሶች የንባብ መቆጣጠሪያውን ክፍል፣ ማለትም ኤልቲአርን፣ ወስዶ በአይኤፍአይ16 ፊት ምን ያህል እንደሚጸና መፈተን ነው።