ብስክሌት ስንነዳ እጃችን ለምን ይደነዝዛል?

በገዳሪፍ አካባቢ ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ጎማ ያረሰው ጭቃም ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ብስክሌት የነዳ ተማሪ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ቢደነዝዙ አይገርምም። ወደ እነዚህ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ ከአንጓው አጠገብ በመዳፉ ጠርዝ ስለሚያልፍ መሪው ይጫነዋል።

በመጀመሪያ ኮርቻውን እዩ። የፊቱ ጫፍ ካዘቀዘቀ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደቱ እጅ ላይ ያርፋል፤ አስተካክሉት። መሪውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስትነዱ ክርናችሁን አጠፍ፣ አንጓችሁን ቀጥ አድርጉ። ጎማውንም እስኪጠጥር አትንፉ። በመያዣው ላይ አሮጌ የጎማ ላስቲክ ቢጠቀለል ንዝረቱን ያበርዳል። ውሃ የሞላ ጀሪካን መሪው ላይ ማንጠልጠል ግን ይህን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ከኋላ ይታሰር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ ካረፈ በኋላም ድንዛዜው ካልለቀቀው ወይም እርሳስ መያዝ ካቃተው ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።