«እናቱ ረግጣው ነው» ከማለታችሁ በፊት

የቀናት ዕድሜ ያለው፣ ጉልበቱ ያበጠ ውርንጭላ ይዘው ሲመጡ ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት «እናቱ ረግጣው ነው» ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ቁስልም የተላጠ ቆዳም የለም። ሲነኩት ያቃጥላል፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላው ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ይህ ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ የሚመጣ እብጠት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በባዝራ ጋሪ የምትሠሩ፣ አንኮበር አካባቢ በቅሎ የምታስወልዱ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የሰው ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ የእናቱ የበሽታ መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ይደርሰዋል። የባዝራ እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም፤ ጥጃውም የመንዝ በግ ግልገሉም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ውርንጭላ መከላከያ ሳይኖረው ይወለዳል ማለት ይቻላል፤ ተስፋው እንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱ የእንገሩን መከላከያ ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ እየደከመ ይሄዳል፣ በ24 ሰዓት ገደማ ጨርሶ ያቆማል። ክፋቱ ደግሞ መከላከያውን የሚያሳልፈው ያው አንጀት ባክቴሪያም ሊያሳልፍ ይችላል። አዲስ የተወለደ ውርንጭላ ጡት ሲፈልግ የእናቱን ታፋ ይልሳል፣ ግድግዳ ይልሳል። ጋጡ ፍግ ከሆነ ከእንገሩ ቀድሞ የሚገባው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሌላው መግቢያ እርጥቡ እትብት ነው።

የእኛ አገር ብርድ ነገሩን ያከፋዋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳርን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ባዝራ ደግሞ በአብዛኛው የምትወልደው ሌሊት ነው። የበረደው ውርንጭላ ለመቆም አቅም ያጣል፣ ካልቆመ አይጠባም፣ ካልጠባ ደግሞ መከላከያ አያገኝም። በደረቅ ጆንያ ማሸትና ንጹሕ ገለባ መጎዝጎዝ ገንዘብ አያስወጣም።

ጤነኛ ውርንጭላ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል። የእናቱ እንግዴ ልጅ በ3 ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። ከዚያ በኋላ እኔ መጀመሪያ የማየው ውርንጭላውን ሳይሆን የባዝራዋን ግት ነው። ግቷ ወጥሮ ወተቱ በራሱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ልጇ አልጠባም። ውርንጭላው እናቱ ሥር ቆሞ አየሁት ብላችሁ አትርኩ፤ ግንባሩን እዩት። ግንባሩ ላይ ወተት ደርቆ ከተገኘ ግቱ ሥር ቆሟል እንጂ አፉን አልከፈተም። ብዙዎቹ የታመሙ ውርንጭላዎች መጀመሪያ የሚያሳዩት ምልክት ይህ ነው፤ እብጠቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ትኩሳት አለመኖሩም አያጽናናችሁ፤ በዚህ በሽታ የሰውነቱ ሙቀት ደህና ሊመስል፣ እንዲያውም ሊወርድ ይችላል። ድዱ ከልክ በላይ ከቀላ ወይም ከጠቆረ አትጠብቁ።

መምጠጥ የሚችል ግን ደክሞት መቆም ያቃተው ከሆነ እናቱን አልባችሁ ሩብ ሊትር ያህል በየሰዓቱ በጡጦ ስጡት። የማይመጥ ከሆነ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እትብቱን አትቁረጡት፣ ባዝራዋ ስትነሳ ራሱ ይበጠስ። ከዚያ የተበረዘ ክሎርሄክሲዲን ቀቡት። ጠንካራ አዮዲን ሥጋውን ያቃጥለዋል።

በቅሎ የምታስወልዱ ደግሞ አንድ ነገር ለዩልኝ። ከአህያ ያረገዘች ባዝራ ደሟ የአህያውን የደም ዓይነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ሊያመርትበት ይችላል፤ ይህም በእንገሩ ይወርዳል። ግልገሏ በቅሎ ደህና ተወልዳ፣ ጠብታ፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ትደክማለች። ድዷ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቷ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ገዳዩ እንገሩ ራሱ ስለሆነ ወዲያው ከጡት ማራቅና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት እንዲህ የሞተባት ባዝራ ካለቻችሁ የቀጣዩን የመጀመሪያ እንገር በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ አዘጋጁ።

ወደ ባክቴሪያው በሽታ ስመለስ፣ ሕክምናውን በተመለከተ በውጭ አገር ትልልቅ የፈረስ ሆስፒታሎች ፕላዝማና ኦክስጅን እየሰጡ ቀንና ሌሊት ያስታምማሉ፤ እንደዚያም ሆኖ የሚሞት አለ። እኛ ጋ ያለን ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን፣ ግሉኮስና ፈሳሽ ነው። በጊዜ ከተጀመረ ሊያድን ይችላል። ነገር ግን አንድ መርፌ አስወግቶ መቅረት አይሆንም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ መገጣጠሚያ ከገባ ከዚያም በላይ። ጄንታማይሲን ውኃ ያጠረውን ውርንጭላ ኩላሊት ስለሚጎዳ ከሱቅ ገዝታችሁ ራሳችሁ አትውጉ። ያበጠውን ጉልበት በጋለ ብረት መተኮስም ሥቃይ ከመጨመር በቀር ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም።

ለጋሪ ባለቤቶች የምለው አለኝ። የቀን ገቢ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የሳምንት ውርንጭላ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ነው የሚጠባው፤ እናቱ ጠዋት ወጥታ ማታ ከተመለሰች ቀኑን ሙሉ ጾሙን ዋለ ማለት ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ባዝራዋን ፍቷት፤ ከተቻለ ጋሪውን በሌላ ፈረስ ሥሩ፣ ከጎረቤትም ተዋዋሱ።