የራዲዮ ሠራተኛ ስንቅ

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ከብዙ ከብት ጋር ወሰደ፤ ውሃ ከቦአቸው የቀሩትንም በጀልባና በሄሊኮፕተር ማውጣት ግድ ሆነ። ዛሬ የጊቤ 3 ግድብ የላዩን ውሃ ይገታል፤ ነገር ግን እንደ ማጎ ያሉት ወንዞች ከግድቡ በታች የሚገቡ ናቸውና ሥጋቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

እንግዲህ በሃና ያለ ሰው፣ መንገድ ተቆርጦ ስልክም ዝም ባለ ጊዜ፣ ቃሉን ወደ ጂንካ በምን ይልካል? ፈቃድ ያለው የአማተር ራዲዮ ሠራተኛ ሊረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ስንቁ አስቀድሞ በአንድ ከረጢት የተሰናዳ እንደ ሆነ ነው።

በእጅ የሚያዘው ትንሽ ራዲዮ ተራራ ሲጋርደው አይሰማም። ስለዚህ በከረጢቱ ውስጥ ከትልቁ ራዲዮ ጋር 20 ሜትር ያህል ሽቦና ገመድ ይግባ። ሽቦው ከመካከሉ ተከፍሎ፣ ከመሬት ከ3 እስከ 5 ሜትር ከፍ ብሎ በዛፎች መካከል ቢወጠር፣ በ7 ሜጋኸርዝ የተላከው ድምፅ ወደ ሰማይ ይወጣና ከላይኛው አየር ተመልሶ በተራራው ማዶ ይወርዳል። ሽቦው ዝቅ ማለቱ ለዚህ ሥራ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም። ሌሊት ግን ወደ 3.7 ሜጋኸርዝ መውረድ ይገባልና እጥፍ የሚሆን ሽቦ ይጨመር። በአፍሪካና በአውሮፓ ላሉ አማተሮች ለአደጋ ጊዜ የተመደቡት መገናኛዎች 7,110 እና 3,760 ኪሎኸርዝ ናቸው።

መቶ ዋት የሚልክ ራዲዮ ሲናገር 20 አምፔር ያህል ይበላል፤ ሲያዳምጥ ግን 1 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ብዙ የሚያዳምጥና ጥቂት የሚናገር ሰው ባትሪው ይሰነብትለታል። ባትሪውንም በቀን የሚሞላ የፀሐይ ሰሌዳ ይያዝ፤ ትርፍ ፊውዝም አይረሳ።

እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምከተው እርሳስና ደብተር ነው፤ የእርሳስ ጽሕፈት በዝናብ አይፈስምና። «ብዙ ሰው ተጐዳ» የሚል ቃል ለላኪም ለተቀባይም አይረባም፤ ሰዓቱ፣ ቀበሌው፣ የሰዎቹ ቁጥር፣ የሚፈለገውም መድኃኒት ወይም ጀልባ ተጽፎ ይላክ፤ ተቀባዩም መልሶ ያንብበው።

ለራሱም ውሃ፣ በሶ፣ ፋኖስ፣ ስለ ወባም አጎበር ያስፈልገዋል። በየሦስት ወሩ ከረጢቱ ይፈታ፤ ባትሪው ይሞላ፤ ሽቦው ተወጥሮ ጂንካ ይጠራ። አይጥ የሽቦውን ልባስ ትበላለችና ከረጢቱ ከጣራ ይሰቀል።