ጥፋቱ የእጃችን ነው ወይስ የቁልፉ?

ከተማሪዎቻችን የአንዷ እናት በአንድ ወቅት ያጫወቱንን እናስቀድም። እኚህ እናት ለአንድ ጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት መቅረብ ነበረባቸውና ልጃቸው በድረ ገጹ ገብታ ቀጠሮ ያዘችላቸው። ታትሞ የወጣው ወረቀት «8:00» ይላል። እርሳቸውም ዙህርን ቤታቸው ሰግደው፣ ረጋ ብለው፣ ከስምንት ሰዓት አስቀድመው ከበሩ ደረሱ። ዘበኛው ወረቀቱን አየና «እናቴ፣ ይኼኮ የጠዋት ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር» አላቸው። ሌላ ቀጠሮ የተገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሲነግሩን ግን ማንንም አልወቀሱም። «ያልተማረ ሰው እንዲህ ነው» ብለው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ልጅቱም እናቷን ቀና ብላ ማየት አፍራ ሰነበተች።

እኚህ እናት ሰዓት ማንበብ ያውቃሉ። በሀገራችን አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተናገረም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ይዘው ያጠኑት ሰዎች የጀመሩት ከድረ ገጽ ሳይሆን ከአውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሰላም መሬት ከነካ በኋላ በሆዱ እየተኛ አስቸገረ። አብራሪው ካረፈ በኋላ ፍላፕ የሚባለውን የክንፍ መታጠፊያ መመለስ ሲገባው የጎማውን ማጠፊያ ይነካል። ያን ጊዜ ጎማው ይታጠፋል፤ አውሮፕላኑም ይደፋል። በመዝገብ የሚሰፍረው «የአብራሪ ስሕተት» ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን እንዲመረምር ተላከ። ቻፓኒስ አብራሪውን ከመውቀስ ይልቅ አብራሪው ከሚቀመጥበት ቦታ ገብቶ ተመለከተ። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ በመልክም የሚመሳሰሉ ሆነው አገኛቸው። ሲ-47 በሚባለው አውሮፕላን ግን ሁለቱ የተራራቁና አሠራራቸውም የተለያየ ስለነበር ይህ ስሕተት አይታይም ነበር። መፍትሔው ርካሽ ሆነ፤ በጎማው ማጠፊያ ጫፍ ላይ ትንሽ መንኮራኩር፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ ሽብልቅ የመሰለ ነገር ተደረገ። ከዚያ በኋላ አብራሪው ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ በእጁ ዳስሶ ይለያል። ዛሬም በአሜሪካ የበረራ ደንብ የትልልቅ መንገደኛ አውሮፕላኖች የጎማ ማጠፊያ የመንኮራኩር፣ የፍላፑም የክንፍ ቅርጽ እንዲኖረው ያስገድዳል።

እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የአብራሪ ስሕተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከሁሉ የበዛው አንዱን መቆጣጠሪያ በሌላው ተክቶ መንካት ሆኖ አገኙት። የሰውን ዐቅምና ጠባይ ከመሣሪያ ጋር የሚያስማማው ይህ ሙያ ሂዩማን ፋክተርስ ይባላል።

ከአውሮፕላን ወደ ድረ ገጽ መንገዱ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ገጾች በቅጹ ግርጌ ሁለት ቁልፎች ነበሯቸው፤ አንዱ የሞላነውን የሚልክ፣ ሁለተኛው የሞላነውን ሁሉ የሚያጠፋ። ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በመጠንም በቀለምም እኩል! ግማሽ ሰዓት የደከመበትን ሰው አንድ የጣት ስሕተት ባዶውን ያስቀረዋል። ቢ-17 ውስጥ የነበሩት ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች በወረቀት ላይ እንደገና ተሠሩ ማለት ነው። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ተመራማሪ በ2000 ይህ አጥፊ ቁልፍ ከገጾች እንዲወገድ ጽፏል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ እናገኘዋለን። ያው ፊትስም በ1954 አንድን ነገር ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ እንደሚወሰን አሳይቶ ነበር። ጠባብና ሩቅ ቁልፍ ያዘገያል፤ ያሳስታልም። ሥራ የለመደ የአባት አውራ ጣት በስልክ መስተዋት ላይ የምስር ፍሬ የሚያህል ቁልፍ ሲፈልግ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ጥናት ሳይገባቸው የሚጠቅሱም አሉ። ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው ለአፍታ በአእምሮው የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። አንዳንድ የድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን ይዘው ዝርዝር ከሰባት መብለጥ የለበትም አሉ። ሚለር የተናገረው በቃል ስለሚያዝ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከዓይናችን ፊት ተቀምጧል። ሒፍዝ ያስተማረ ኡስታዝ በቃል በመያዝና ሙስሐፍ ከፍቶ በማንበብ መካከል ያለውን ልዩነት ይነግራቸው ነበር።

በኃያላኑም ሀገር ቢሆን ነገሩ ቀላል አልሆነም። ኦክቶበር 1 ቀን 2013 የአሜሪካ መንግሥት ዜጎች የጤና መድን የሚገዙበትን ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለ ድረ ገጽ ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ዘልቀው የተመዘገቡት 6 ሰዎች እንደነበሩ ኋላ የወጡ የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል። ኮምፒውተሮቹ የሰዉን ብዛት አልቻሉም። መጨናነቁን ካባባሱት አንዱ ግን የገጹ አደራደር ነበር፤ ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣውም ሰው አስቀድሞ በስሙ መዝገብ እንዲከፍት ይገደድ ነበር። ባለሱቁ ስምና አድራሻ ካልሰጣችሁ ዕቃውን አላሳያችሁም እንደማለት ነው። ቆይቶ ሳይመዘገቡ ዋጋ ማየት ተፈቀደ።

የእኛስ? ብዙ ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ። እኛ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው፤ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። አሜሪካ የሚኖር የሀበሻ ቤተሰብ ቅጹን በእውነት ሲሞላ አባት በአባቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅም በአባቱ ስም ይመዘገባሉና ሦስቱ የማይዛመዱ ይመስላሉ። ወራችን አሥራ ሦስት ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለት ብቻ የሚያስመርጥ ገጽ ሲመጣ ደግሞ በጳጉሜ የተወለደ ልጅ ወላጅ ጣቱን አንሥቶ ይቆማል። ይህን የሚያህል ነገር ለማወቅ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባወጡት ስሌት መሠረት አንድን ገጽ አምስት ሰዎች ብቻ ሲሞክሩት ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉ ይወጣሉ። እርግጥ አምስቱ የሠሪው ባልንጀሮች ከሆኑ አይጠቅምም፤ ገጹን የሚጠቀሙት ዓይነት ሰዎች መሆን አለባቸው።

እኛም ተማሪዎቻችንን አንድ የቤት ሥራ ሰጠናቸው፤ ከእናት ወይም ከአያት አጠገብ ተቀምጠው አንድ የመመዝገቢያ ገጽ ያስሞክሩ፣ ምንም ሳይናገሩ የት እንደቆሙ ብቻ ይጻፉ። አንዱ ልጅ አያቱ «ቀጥል» የሚለውን ቃል ገጹ እርሳቸውን ሲያዛቸው መስሏቸው «እሺ ልጄ» ብለው እንደጠበቁ ጽፎ አመጣ። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም። ዝም ማለቱ ከሁሉ የከበደው ነገር እንደነበር፣ እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ስልኩ ሄዶ እንደመለሰው ነገረን።

የዚያች ተማሪ እናት ሁለተኛው ቀጠሯቸው «9:30» ይል ነበር። ልጅቱ ስልክ ደውላ ካረጋገጠች በኋላ ከታተመው ቁጥር ጎን በእስክሪብቶ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል» ብላ ጻፈችበት።